ስም የሚጠራበት ገቢር

ቢቸና እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ተውኔት ላሠራ ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም። የወላጆች ቀን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ተማሪ ስለ ንጽሕና ግጥም ያነባል፣ ዳይሬክተሩ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ወላጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ እውቀቴ ሳይሻግት ለሕዝብ ላደርሰው ፈለግሁ። በዚያን ጊዜ ስለ ራሴ የነበረኝ ግምት ከፍ ያለ ነበር።

የመረጥኩት ባሕር ማዶ የተጻፈ፣ ስለ ጥንቆላ ክስ የሚተርክ የታወቀ ተውኔት ነው። ሙሉውን አላገኘሁትም። ሞጣ የሚያስተምር ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ገቢር ገጽ በገጽ በስልኩ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ በየገጹ ጥግ አውራ ጣቱ አብሮ ተነሥቷል። እንዳለ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁት። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?" እያሉ ጣቱን ያሳዩኛል፤ እኔም ከጣቱ ሥር ያለውን ከራሴ እየፈጠርኩ እሞላላቸዋለሁ። ታሪኩ በመጨረሻ ምን እንደሚሆን ሲጠይቁኝ "እናንተስ ምን ይመስላችኋል?" እላለሁ። ይህ በመምህራን ሥልጠና ላይ ተማሪን ማሳተፍ ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔም የቀረውን አላነበብኩትም ነበር።

ገቢሩ እንዲህ ነው። ሃይማኖት አጥባቂ በሆነች አንዲት ትንሽ መንደር የቄሱ ልጅ አልጋ ላይ ተጋድማ አልነቃ ትላለች። ከሷ ጋር ጫካ ገብተው የጨፈሩ ልጃገረዶች ቅጣት ፈርተዋል። ጎረቤት ቤቱን ይሞላዋል፤ ሁሉም ያንሾካሹካል። መጨረሻ ላይ ልጃገረዶቹ ራሳቸውን ለማዳን የሰው ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ እገሊትን ከሰይጣን ጋር አየኋት፣ እገሊትንም አየኋት እያሉ።

ይህን ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቤ፣ ስለ ዘመኑም ስለ ፍርሃት ሥነ ልቦናም ማስታወሻ አዘጋጅቼ ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ቡዳ በልቷት ነዋ፣ ቲቸር" አለ፤ በዚሁ ጉዳዩ ተዘጋ። በዚህ ነገር የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አንድ ነው። ያልገባቸው የመንደሩ ሰዎች ሞኝነት ብቻ ነበር። "ተኝታ እያዩዋት ዝም ይላሉ እንዴ? ለምን አይጠይቋትም?" አለችኝ አንዷ። በኛ አገር የተበላ ሰው ይጠየቃል። ጤና አዳም ያሸትቱትና "ማነህ? ከየት መጣህ?" ይሉታል፤ የበላው ሰው በበሽተኛው አፍ ይለፈልፋል፣ ስሙንም ይናገራል። ተማሪዎቼ ደራሲውን ይህን እንኳ ሳያጣራ የጻፈ ሰው አድርገው አዩት።

እኔ ግን ደስ አለኝ። እንዲህ ባለ ነገር አላምንም። ሞጣ ስናድግ እናቴ መንገደኛ በሚያይበት በር ላይ እንድንበላ አትፈቅድም ነበር፤ ገበያ ላይ ሰው ልጆቿን ካደነቀባት "እትፍ በልበት" ብላ ትቆጣለች። እኔ ከዚህ ሁሉ በዲግሪ ተገላግያለሁ።

በገቢሩ ብዙ ቃል ያላት ልጃገረዶቹን የምትመራው፣ የምታስፈራራው፣ ስም የምትጠራው ልጅ ናት። "ማን ይጫወታት?" ብዬ ስጠይቅ ከመጨረሻው ወንበር አንዲት እጅ ወጣች። በክፍሉ ከሷ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚናገር አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ግን በፈቃዷ እጇን አውጥታ አታውቅም። ሁልጊዜ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው፤ ለጥናት እንዲመቻት ይመስለኝ ነበር። ቦታውን ሰጠኋት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አድናቆት መሰለኝ።

በማግሥቱ መምህራን ክፍል ውስጥ በዕድሜ የምትበልጠኝ የባዮሎጂ መምህርት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"እኔ እንኳ በዚህ ነገር አላምንም፣ ወንድሜ" ብላ ጀመረች። "ግን የልጅቷ አባት ቀጥቃጭ መሆኑን ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። የአካባቢው ገበሬ ማረሻውንም ማጭዱንም የሚያሠራው እሱ ጋ ነው፤ ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም።

"ታዲያ?" አልኳት።

"ታዲያማ፣ አልጋ ላይ በተኛችው ልጅ ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኗን የምታየው እሷ ናት አይደል? በሽተኛዋን የምትጫወተው ልጅ እናት ሰምታ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች። እስቲ ከሳሿን ትተህ ተከሳሿን አድርጋት። እሱ ማንንም ቅር አይለውም።"

ተናደድኩ። ስናደድ ንግግር ያምረኛል፤ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ተናገርኩባት። ከዚያ ልጅቷን ጠርቼ "ሰው የሚለውን እንዳትሰሚ፣ እኔ አለሁልሽ" አልኳት። "እሺ፣ ቲቸር" አለች። በሁለተኛው ቀን ድርሻዋን ሁሉ በቃሏ ይዛ መጣች፤ ከጣቱ ሥር እኔ የፈጠርኩትንም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ሆነች። ለልምምድ ቀድማ ትመጣለች፣ ወንበር ታስተካክላለች። ልጆቹ መጀመሪያ ራቅ ራቅ ይሉ ነበር፤ ውለው አድረው ግን ቃል ሲጠፋቸው እሷን መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ ሁለት ሴት ልጆች መጨረሻው ወንበር ላይ ግራና ቀኝዋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሦስቱም በአንድ ነገር ይስቃሉ። ከዚያ ወዲያ ከተውኔቱ ይልቅ ያ ወንበር ያሳስበኝ ጀመር፤ ተመልሳ ብቻዋን እንዳትቀርበት ብቻ ነበር የምፈልገው። ሞጣ ጓደኛዬ ጋ ደውዬ፣ ስንት ዘመን የኖረውን ነገር በአንድ ገቢር ሰበርኩት አልኩት። እሱም ሁለተኛውን ገቢር ልላክልህ ወይ አለኝ። አያስፈልግም አልኩት።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ልምምዱ ከትምህርት በኋላ ስለሆነ አብዛኞቹ እህል ሳይቀምሱ ነው የሚመጡት። ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በሽተኛዋን የምትጫወተው ልጅ ሁለት አግዳሚ ገጥመን በሠራንላት አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ የቀጥቃጩ ልጅ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ይዛ ትነቀንቃታለች። የበሽተኛዋ የመነሻ ተራ ደረሰ። ተነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች።

"በጣም ጥሩ!" አልኩ።

ከዚያ ዓይኗ መገልበጡን አየሁ። ልጆቹ ከበቧት። አንዱ ከአጥሩ ሥር ጤና አዳም ቀጥፎ በመዳፉ አሽቶ አፍንጫዋ ላይ ያዘላት። ከቀጥቃጩ ልጅ ጎን ይቀመጡ ከነበሩት ከሁለቱ አንዷ የወደቀችውን ራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ "ማነህ? ተናገር! ማነህ?" እያለች ትጮህ ጀመር። ይህ በጽሑፉ ላይ የለም። የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አፍ አንድ ስም ቢወጣ ልምምዱም ወንበሩም አበቃለት፤ የቀጥቃጩም ልጅ ትምህርት ቤቱ በር አትደርስም።

"ውሃ" አለች የወደቀችው ልጅ። "ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።"

ማንንም አልጠራችም። ውሃ ጠጣች፣ ፊቷ ተመለሰ፣ እየሳቀች ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ በበኩሌ ድነናል ብዬ ተደስቼ አደርኩ፤ እንዲያውም ሳይንስ አሸነፈ ብዬ ለባዮሎጂ መምህርቷ የምነግራትን አዘጋጀሁ።

በማግሥቱ የቀጥቃጩ ልጅ ልምምድ ሳትመጣ ቀረች። ፈልጌ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስታየኝ ብድግ አለች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። "ማንም ስምሽን አልጠራም እኮ።" የምሥራች እንደሚናገር ሰው ነበር ድምፄ።

"አልጠሩም፣ ቲቸር" አለች። "ሳይጠሩ ነው ሁሉም ዞረው ያዩኝ።" ቁጣ አልነበረባትም፤ የትምህርት ጥያቄ እንደምትመልስ ነው የተናገረችው። "እርስዎም አዩኝ።"

አይቻታለሁ። የልጅቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ ምን ልትል እንደሆነ ሳልሰማ፣ አንገቴ ራሱ ነው የዞረው። ያን ያህል ፍጥነት በሌላ ነገር አይቼበት አላውቅም። አፈርኩ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አፉ ያመጣለትን ነው የሚናገረው።

"ውሃ የያዘ ሰው እየፈለግሁ ነው የዞርኩት" አልኳት።

"የውሃው ጀሪካን ከኋላዎ ነበር" አለች።

ከዚያ ጽሑፉን ከቦርሳዋ አወጣች፤ የተጣጠፈውን ጥግ በመዳፏ አቃንታ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።