የኮት ተቀባይዋ የአንገት ልብስ

የቴአትር ቤቱ በር ጠባቂ በሠራባቸው ረጅም ዓመታት ሁሉ፣ ኮት ተቀባይዋ ሴትዮ አዳራሹ በሙቀት ሲታፈን እንኳ የአንገት ልብሷን ስታወልቅ አይቶ አያውቅም። ቀዝቃዛ ውኃ በአፏ አይዞርም፤ እሱ በቀልዱ ሰውን ሁሉ ሲያንጫጫ፣ እሷ ለጉሮሮዋ ሳስታ ፈገግ ብቻ ትላለች። የኦፔራ ዘፋኟ ከውስጥ ድምጿን ሽቅብ ስትሰቅለው ግን፣ የሰው ኮት እንደታቀፈች ወገቧን ቀጥ አድርጋ ደረቷን እንደ ወናፍ ትነፋለች። ትንፋሿን የምትለቀው ዘፋኟ ስትጨርስ ነው።

አንድ ቀን አላስቻለውም።

«እትዬ፣ እርስዎም ዘፋኝ ነዎት እንዴ?»

ሽበቷን ወደ ኋላ መለሰችና፣ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ የጠፋውን የአንገት ልብስ ጠበቅ አደረገችው።

«ነኝ እንጂ» አለች በለሆሳስ። «አስተማሪዬ ለጥቂት ቀን ድምፅሽን አሳርፊው ብላኝ ነው።»