ሻለቃው ያላየው ጃንጥላ

ሻለቃ ዘርአጽዮን ሰማይ ላይ ፈሪ አልነበረም፤ ይኼን ጠላቱም አይክደውም። የተዋጊ ጀት አብራሪ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ የስኳድሮን አዛዥ፣ በሶማሊያ ጦርነት ሦስት የጠላት አውሮፕላን የጣለ ሰው ነው። ሜዳሊያውን ሲያጠልቁለት በሬዲዮ ተላለፈ፤ ቦሌ ቤት ተሰጠው። ምድር ላይ ግን፣ አንዲት እናት ፊት፣ ወኔው ከዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ነሐሴ ከጅጅጋ በላይ ሲዋጉ፣ አብሮት የሚበረው መቶ አለቃ ገብረዋሕድ ተመታ። አውሮፕላኑ አየር ላይ እንዳለ ነደደ። ዘርአጽዮን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ፤ ጃንጥላ የለም። በሬዲዮ የሰማው የልጁ የመጨረሻ ቃል "ሻለቃ፣ ከኋላዎ ነኝ" የሚል ነበር።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መርዶ ሊያረዳ ጎህ ሲቀድ የካ ሚካኤል አጠገብ፣ የልጁ እናት ወይዘሮ አፀደ ቤት ሄደ። ባል የላቸውም፤ ልጃቸውም እሱ ብቻ ነበር። መርዶ ነጋሪ ማልዶ እንደሚመጣ የማያውቅ የለምና፣ ሴትዮዋ ሦስቱን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። የበሩን መቃን ይዘው ሻለቃውን ብቻ አዩት። እሱም ሳያስበው፣ በጃንጥላ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ተማርኮ ነው አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ግን በዓይኔ አየሁ የሚልን አዛዥ ማን ይሞግታል? አስቡት እንግዲህ፤ መርዶ ይዘው ሄደው በእልልታ ተሸኙ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ባለፈ ቁጥር ያ የልጁ ድምፅ ጆሮው ላይ ይመጣል። መንገድ ላይ ከኋላው ሰው ከሄደ ቆሞ ያሳልፋል። ሚስቱ የሺመቤት፣ ጠበል ግባ ብትለው እሺ አይልም። በየበዓሉ ወይዘሮ አፀደ ዘንድ ይሄዳል፤ ዘንድሮስ እነግራቸዋለሁ ይላል። በበዓል መርዶ ነውር ነው፤ በጾም ይጎዳሉ፤ ሲታመሙ ደግሞ እስኪሻላቸው። ምክንያት መቼ ይጠፋል! እሳቸው የልጃቸውን አንሶላ በየሳምንቱ እየቀየሩ፣ አንተ ባትኖር ይኼኔ አፈር ነበርኩ ይሉታል። ምስጋናቸው አጥንቱ ድረስ ያመው ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። በሰማንያ ነሐሴ ምርኮኞቹ ተፈቱ ተባለና ሰው ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረፈ። ወይዘሮ አፀደ አዲስ ቀሚስ ለብሰው የሻለቃውን ክንድ ይዘው መጡ። ምርኮኞቹ ከስተው፣ ሸብተው ወረዱ። እሳቸው እያንዳንዱን እያስቆሙ ገብረዋሕድን ታውቀው እንደሆን ይጠይቃሉ፤ ሁሉም አላውቅም ይላል። የመጨረሻው፣ ጥርሱ የረገፈ ወታደር፣ ዓይናቸውን ሲያይ አንጀቱ አልችል አለ መሰለኝ፣ "አዎ እናቴ፣ ደህና ነው፤ በሚቀጥለው ይመጣል" አላቸው።

ሻለቃው የገዛ ውሸቱን ከሌላ ሰው አፍ ሰማው። አሁንም ዝም ካለ ሴትዮዋ እስኪሞቱ ሊጠብቁ ነው። ሰዓቱ ማለዳ አይደለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ዙሪያው እልልታ ነው። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ።

"እማማ፣ ጃንጥላ አላየሁም። ያን ዕለት ነው የሞተው።"

አልጮሁም። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት።

"ያኔ ብትነግረኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር" አሉ። "ልጄን አሥራ አንድ ዓመት ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር አስቀመጥከው። ቄሱ ስሙን ከሕያዋን ጋር ሲጠሩልኝ ኖሩ።"

የሞተበትን ቀን ጠየቁት፤ ነሐሴ ሃያ አራት አለ። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ለሙት ዓመቱ ሳምንት ቀርቶታል።

"ተነስ፣ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ" አሉት። "የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ቄሱ ፊት ቆመህ፣ ከሙታን ጋር አስጠራው። እኔ አልችልም።"