በጄኔቫ ያሳሰርኩት ሰው

የብረቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጩኸት አለመኖሩን ነው። ክፍሉ ነጭ ነው፤ የሲሚንቶ መደብ፣ በላዩ አረንጓዴ የፕላስቲክ ፍራሽ፣ ጥጉ ላይ መጸዳጃ። የጽዳት መድኃኒት ይሸታል። ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ወስደዋል። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ያየው ሽበታም ፖሊስ ግን እጁን ሰብስቦ ራሴ እስክፈታው ጠበቀኝ፤ ለብቻው ፖስታ ውስጥ ከትቶ እያየሁት አሸገው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ታስሬአለሁና እስር ቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ እስር ቤት ግን አላውቅም ነበር።

የታሰርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ይህን ሳልናገር የፖሊሶቹን ነገር ባወራ ሐሰተኛ እሆናለሁ።

አገራችን በጦርነት በተከፈለችበት ጊዜ እዚህ ያለነውም ተከፍለን ነበር። ያን ቀን የጄኔቫ ከተማ አስተዳደር በአንድ አደባባይ ለሁለታችንም ሰልፍ ፈቀደ። እኔ ከዙሪክ፣ ከቪዲኮን ሰፈር፣ በጠዋቱ ባቡር ከወገኖቼ ጋር ሄድኩ። እነዚያኞቹ ማዶ ቆሙ። በመካከላችን የብረት አጥርና ሁለት ረድፍ ፖሊስ ነበር። አንዱ ረድፍ ፊቱን ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ እነሱ አዙሮ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። ዝናቡም ስድባችንም ወረደባቸው፤ አልተነቃነቁም። የአንዲት አሮጊታችን ጃንጥላ በነፋስ ሲወሰድ አንዱ ሮጦ አምጥቶላቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። እኛ ግን "የማን ወገን ናቸው?" እያልን እንከራከር ነበር። መንግሥት ሁልጊዜ የአንድ ወገን ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን።

ከማዶ አንድ ባለመነጽር ሰው በሙታኖቻችን ላይ ተሳለቀ። የባንዲራዬን ዘንግ ወረወርኩበት። እሱ ዘንድ ሳይደርስ የአንድ ፖሊስ ቅንድብ ሰንጥቆ ወደቀ። ባለመነጽሩ መልሶ ሊወረውርብኝ ዘንጉን ሲያነሣ ተያዘ። እኔ ደግሞ አጥሩን ልዘል ስል ተያዝኩ። መኪናው ውስጥ ሲያስገባኝ አንዱ ወጣት ፖሊስ ክንዴን ከሚገባው በላይ ጠምዝዞታል፤ ይህም ይነገር።

ክፍሉ ውስጥ ብዙም ሳልቆይ ከጎረቤት በር ሥር የባለመነጽሩ ድምፅ መጣ።

"ጎረቤት! ዘንጉን የወረወርከው አንተ ነህ አይደል?"

ወደ በሩ ተጠጋሁ።

"አትፍራ፣ አልተናገርኩም። እኔ ሀበሻን ለፖሊስ አልሰጥም። ጠላቴም ቢሆን። ደግሞ አወራወርህ አያኮራም። ከአሥር እርምጃ ሳትከኝ" አለ።

"አፍህን ብትሰበስብ አልወረውርም ነበር።"

"እሱስ እውነትህን ነው። ሙት አይሰደብም።"

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። የልጅ ልጁ በማግስቱ አርባ ቀኑ ነው፤ ሎዛን ከተማ ክርስትና ይነሣል። ፖሊሱን የመታው እሱ ነው ብለው ጠርጥረውት ጉዳዩ እስኪጣራ እንደሚያቆዩት ነግረውታል። "አርባ ቀን ደግሞ ቆይ አይባልም" አለ።

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ዙሪክ ውስጥ የዜግነት ማመልከቻዬ የመጨረሻው ቢሮ ደርሷል። ጥፋተኛ ከተባልኩ እንደሚቆም አውቃለሁ። ዝም ብል ግን ማንም አላየኝም። አዲስ አበባ በታሰርኩ ጊዜ የተማርኩት አንድ ነገር አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት ነው። በዚያ ዝምታ ጓደኞቼ ከሞት ተርፈዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታን እንደ ክብሬ ቆጥሬው ኖሬአለሁ። እዚህ ግን ዝምታዬ ሰው አስሮ ይዟል።

ለጥያቄ ወሰዱኝ። ጀርመንኛ ጋዜጣ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ፤ ፈረንሳይኛ ግን አልችልም። ስለዚህ አስተርጓሚ ጠሩልኝ። የአገሬ ልጅ ናት፤ ጥቁር ሹራብ ለብሳ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ይዛለች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።"

"የየትኛው ወገን ነሽ?" አልኳት።

"እዚህ የማንም ወገን አይደለሁም። የሚሉትን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ ይህንንም።" ዞር ብላ ለሽበታሙ ፖሊስ ተረጎመችለት።

"ሆድሽ ነው ወገንሽ" አልኳት።

እሱንም ተረጎመችው። ፊቷ አልተለወጠም፤ አንድ ቃል አላለዘበችልኝም። ፖሊሱ መዝግቦ ሲጨርስ በእሷ በኩል፣ "ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። የሚገኘው ግን ነገ ነው፤ የእርስዎም ከጎንዎ የታሰረው ሰውም ጉዳይ እስከዚያ ይቆያል" አለኝ።

የልጄ እኩያ የሆነች ሴት በራሷ ላይ የወረደውን ስድብ ሳትሸራርፍ ስታደርስ አይቼ አፈርኩ። እውነቴን ለሌላ አፍ አደራ መስጠት የፈራሁት እኔ፣ ከዚህ የበለጠ የታመነ አፍ ከየት አገኛለሁ?

"ሌላ አልፈልግም" አልኳት። "እንዲህ በይልኝ። ዘንጉን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው ያነሣው ከመሬት ነው።"

ብዕሯ ቆመ። ከዚያ ተረጎመች።

የጻፉትን በእሷ አፍ መስመር በመስመር አነበቡልኝ። ፖሊስ ላይ ወረወረ ይላል። "ያሰብኩት ሰውየውን ነው፤ ፖሊሱን አይደለም" አልኩ። ማሰቤ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ቃሌ ግን ያ ነበር። ሰርዘው አስተካከሉ። አዲስ አበባ የፈረምኩበት ወረቀት እስከ ዛሬ ምን እንደሚል አላውቅም።

ሳይመሽ የጎረቤቴ በር ተከፈተ። ሽበታሙ ፖሊስ የበሬን ትንሽ መስኮት ከፈተና ወደ ጎን ቆመ። ባለመነጽሩ አጎንብሶ አየኝ። እኔም ከመደቡ ተነሣሁ፤ ክር የሌለውን ጫማዬን እየጎተትኩ በሩ ድረስ ሄጄ እጅ ነሣሁት።

"ልጁን ያሳድግላችሁ።"

"አሜን። አንተንም ያስፈታህ" አለ። መነጽሩን አስተካከለና፣ "ፖለቲካህ ግን አሁንም የተበላሸ ነው" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ተለቀቅሁ። ለልጄ እንዳልደውል ያን ሌሊት ከልክለውኝ ስለነበር እስካሁን ቅር ይለኛል። በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለኝ፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። ማመልከቻዬ ለዓመታት ቆመ። ልጄ "ባባ፣ ዝም ብትልስ?" ስትለኝ፣ "ሰውየው እስር ቤት ሆኖ የልጅ ልጁ ይጠመቅ ነበር" አልኳት።

በዚያ ሰው ፖለቲካ ዛሬም አልስማማም። ሰልፍም አልተውኩም፤ ባዶ እጄን እሄዳለሁ። አጥሩ ዘንድ ስደርስ የቆሙትን ፖሊሶች በአንገቴ ሰላም እላለሁ። ለሁለት ለተጣሉ እንግዶች እኩል ጀርባና እኩል ፊት የሰጠ ከተማ ክብር ይገባዋል፤ ይህን ለማየት መታሰር አያስፈልገኝም ነበር።

በቅርቡ ማመልከቻውን እንደገና ሞላሁ። ተፈርዶብዎት ያውቃል? ይላል። አዎ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ ለማብራሪያ ሁለት መስመር ትተዋል። አልበቃኝም፤ ሌላ ወረቀት ጨመርኩ።