በገመድ የታጠረው እንስራ

ከወረታ የወጣሁት ከብት ሲገባ፣ የጎረቤታችን ሠርግ ገና ሳይበተን ነው። ወጡ የተሠራው በእናቴ ድስት፣ ጠላው የተጠመቀው በእናቴ ጋን። እኔንና እሷን ግን በረት ጥግ አስቀምጠው በኮባ ቅጠል አቀረቡልን፤ ሸክላ ሠሪ የበላበት ገበታ ለሰው አይሆንም ተባለ። ኧረ እናንተ የፎገራ ጨዋዎች! ወጡ በድስታችን ሲንተከተክ ቡዳነታችን አይታያችሁም፤ የሚታያችሁ ስንጎርስ ነው። እናቴን እንሂድ ብላት «ጭቃዬን ትቼ?» አለችና ቀረች። እኔ ሄድሁ።

መተማን ተሻግሬ ኻርቱም ገባሁ። ፀሐዩ እንኳን ሰው ድንጋይ ያበስላል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ዓይን የለው፣ ውፍረት የለው፤ ጤፍ የለመደ አፍ ምን ያድርገው? አከራዬን ውሃ ብጠይቃት «ወንዙ ሁለት ነው፤ ደስ ካለሽ ቅጂ» አለችኝ። አንዱ ከጣናችን የወረደ ነው እኮ፤ በገዛ ውሃችን ትቀልድብኛለች!

በሰው ቤት ሠራተኛ ሆንሁ። አርብ ዕረፍቴ ስለሆነ መትሐፍ የሚሉት፣ የድሮ ዕቃ በነጻ የሚታይበት ቤት መሄድ ለመድሁ። አረብኛ የተማርሁት እዚያ ነው። በዕቃው ላይ እጠቁማለሁ፣ ዘበኛው ስሙን ይነግረኛል፣ እኔም እየደጋገምሁ እይዛለሁ።

አንድ አርብ ከገመድ ወዲያ እንስራ ቆሞ አየሁ። የእኛ ነው፤ አንገቱም ጆሮውም የእኛ ነው። እጄ ቀደመኝና ደህና መሆኑን ላውቅ ልክ እንደ ወረታ ገበያ በጣቴ አንኳኳሁት። ዘበኛው እጄን ጠምዝዞ ወደ ደጅ ጎተተኝ።

«ከሐበሻ አገር የመጣ ክቡር ዕቃ ነው። እንዳንቺ ያለ አይነካውም።»

እናቴ የምትሠራው ነው ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። ይሳቅ! እኔ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። በማግስቱ ወደ አገር ለሚመለስ ነጋዴ መልእክት ሰጠሁ፤ እማ፣ እዚህ የእጅሽን ሥራ በገመድ አጥረው ያከብሩታል፣ ተነሽና ነይ፣ ከነዚያ ንቀተኞች መካከል አትሙችብኝ አልኋት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነጋዴው የአሠሪዎቼን ቤት ጠይቆ በጓሮ በኩል መጣ። እኔ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ምሳዬን እየበላሁ ነበር።

«እናትሽ ደህና ናት» አለኝ። «እንስራውን ያከበሩት ሰዎች ልጄን ከገበታቸው አስቀምጠዋታል ወይ፣ ይህን ጠይቅልኝ ብላለች። ካስቀመጧት እመጣለሁ አለች።»

ለእኔ ብቻ የተለየች፣ ከሌላው ዕቃ ጋር የማትታጠብ አንዲት የቆርቆሮ ሳህን አለችኝ። ነጋዴው ቆሞ መልሴን ይጠብቃል። ሳህኗን ቀስ ብዬ ከጀርባዬ ደበቅኋት።