መስመር ላይ የነጠረች ኳስ

በደብረ ማርቆስ የኳስ ማሳያ ቤት ያለው ሙሉብርሃን የአንድ ደንበኛውን ስም አያውቅም። ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፤ አሮጌ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከኋላ ይቀመጣል። ማንንም አይደግፍም። ሌላው ኳሷን ሲከተል እሱ ዳኛውን ብቻ ያያል።

ያን ቀን ኳሷ የጎሉን ብረት መትታ መስመሩ ላይ ነጠረች። ቤቱ «ገብታለች!» «አልገባችም!» እያለ ሲናጥ፣ ዳኛው የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ ጎሉን አጸደቀ።

«ማን ነገረው?» አለ ሰውየው።

«ሰዓቱ ነዋ፣ አባቴ! አሁን እኮ ኳሷ መስመሩን ስታልፍ የሚነግራቸው መሣሪያ መጥቷል» አለው ሙሉብርሃን።

ሰውየው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ አገሬ ይጁቤ ላይ ዳኛ ሆኜ ሳጫውት እንዲህ ያለችውን አልገባችም ብዬ ሻርኩ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች። የተሸነፉት የገዛ አገሬ ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ይጁቤን አልረገጥኩም፤ እናቴንም ያለ እኔ ቀበሯት።»

«ገብታ ነበር እንዴ?»

«ሃያ ዓመት አሰብኩት። አላውቅም።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ዳኛው ወደ መሃል ሜዳ ይሮጣል። የከበበውም፣ የጮኸበትም ተጫዋች የለም። ሰውየው አገጩን በመዳፉ ደግፎ በዓይኑ ሸኘው።

«ታድሎ» አለ፣ ቀስ ብሎ።