ከሰው ኋላ የምስቀው ሳቅ

ልጅ ሳለሁ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነበር የምስቀው። አባቴ የልብስ ስፌት መኪናውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ከወሎ ወደ ጌዴኦ አገር፣ ወደ ገደብ ይዞን ሲመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩት በጌዴኦኛ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ከአማርኛ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። አስተማሪዋ ቀልዳ ክፍሉ ሲያውካካ የምሕረትን ፊት አይና፣ ጥርሷ ብቅ ሲል እኔም እስቃለሁ። ምሕረት ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ናት፤ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

ያኔ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች ምሕረትን ከሚያሳድጓት አያቷ፣ ከአባባ ወራሳ ቤት እንሰበሰብ ነበር። እናቴ «ቋንቋ ያለው ሰው መሀል ነው፣ ሂጂ» እያለች ትልከኛለች። አባባ ወራሳ ያረጀ የቡና ጉቶ እሳቱ ውስጥ ይገፉና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለችው የሶላር አምፖል ከፍሙ ደብዝዛ፣ ተረታቸውን በጌዴኦኛ ይጀምራሉ። እኔ የሚገባኝ ድምፃቸው ብቻ ነበር፤ ጅብ ሆነው ሲያጉረመርሙ ደስ ይለኛል።

አንድ ምሽት ድምፃቸው ዝቅ አለ። እንደ ልማዴ ወደ ምሕረት ዞርኩ፤ ከንፈሯ ሸሽቶ ጥርሷ ታየኝ። ቀድሜ ሳቅኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ለካ ለቅሶዋን እየታገለች ኖሯል።

«እናት ሲሞት ይሳቃል እንዴ?» አለኝ አንዱ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ።

ምሕረት እናቷን ካጣች ገና ዓመት አልሞላትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ ወራሳ ግን አልተቆጡኝም። «ተዉት፣ እሱ ቋንቋ የለውም» አሉ ለልጆቹ፤ አማርኛቸው እኔን ሴቷን ወንድ ያደርገኝ ነበር። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ነገ በአማርኛ ነው የማወራው። ለአንተ ብዬ» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። በአማርኛቸው ጅቡ አንዴ መጣ፣ አንዴ መጣች፤ ቃል ሲጠፋባቸው ተረቱን አቋርጠው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ፤ ያ ማጉረምረም የት እንደገባ እንጃ። ልጆቹ ማዛጋት፣ ከዚያም አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። ምሕረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። እኔ አሁን በሰዓቱ መሳቅ እችል ነበር፤ የሚያስቅ ግን ጠፋ። በቋንቋዎ ያውሩ ልላቸው ፈለግሁ። ለእኔ ብለው እንዲህ የሚደክሙትን ሽማግሌ እንዴት አድርጌ ልበላቸው? ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አጥራችን ጥግ ቆሜ፣ ከእንሰቱ ወዲያ የጅቡን ማጉረምረም ሰማሁ። ወዲያው የልጆቹ ሳቅ ፈነዳ፤ የምሕረትን ሳቅ ከሁሉም ለይቼ አወቅሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አለቀስኩ። ሰኞ ክፍል ስገባ ምሕረት ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ዛሬ ጌዴኦኛን እንደ አገሬው እናገራለሁ። አባባ ወራሳ ካረፉ ቆዩ፤ የዚያን ምሽት ተረት በቋንቋው የሚጨርስልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ይርጋጨፌ በምሠራበት ቢሮ ሰው ሲቀልድ ቀልዱ ከማንም ቀድሞ ይገባኛል። ያም ሆኖ መጀመሪያ አጠገቤ ያለውን ሰው ፊት አያለሁ፤ ሲስቅ አይቼ ነው የምስቀው።