ቁሐር ላይ የቀረው የሐይቆች ጉዞ

ስሙኝማ! ስልካችሁን ወደ ታች ከመግፋታችሁ በፊት ይቺን ብቻ ስሙኝ። ሌላው የጉዞ ማስታወሻ ሲጽፍላችሁ አውሮፕላን ውስጥ ምን እንደበላ ይነግራችኋል። እኔ የምነግራችሁ ከወረታ ተነስቼ ወረታ ስለገባሁበት ጉዞ ነው። ጣሊያን ሰራሽ የስፖርት መኪና አለበት፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አለበት፣ ሩዝ አለበት፣ መጨረሻው ላይ ደሞ ሁለት በሬ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ፊደል ከገደፍኩ ዋጥ አድርጋችሁ እለፉ።

ንጋት፣ 12 ሰዓት ሊል ሲል። ወረታ

መኪናዋ ቀይ ናት። ቀይ ነበረች ብል ይሻላል። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር። ጣሪያዋ ከደረቴ በታች ነው፣ ሆዷና መሬቱ መሀል ደሞ አንድ ስንዝር አይሞላም። የአስተማሪዬ የጋሽ ዘውዱ አጎት አዲስ አበባ በደህናው ጊዜ ሲንፈላሰሱባት ኖረው ሲሞቱ ለጋሽ ዘውዱ ተረፈች። በጭነት መኪና ተጭና መጣችና ሩዝ መፈልፈያው ግቢ ውስጥ ጆንያ ለብሳ ተኛች። ከተማው ሁሉ "ቀዩዋ ሬሳ" ይላታል። እኔ ባጃጅ ጠጋኝ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀኔ እየፈታሁ እየገጠምኩ ሬሳዋን አስነሳኋት።

ጋሽ ዘውዱ ጂኦግራፊ አስተምረውኛል። ከአዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሠላሳ ዓመት የቀሩ ሰው ናቸው። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች በቀለም ጠመኔ ሲስሉ ዓሣው ዘሎ የሚወጣ ይመስላል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። ቅደም ተከተሉን እያዛባሁ ስንቴ ተንበርክኬያለሁ! ጉዱ ግን ምን መሰላችሁ፣ እሳቸው አንዱንም አይተውት አያውቁም። "ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ" ሲሉ ክረምቱ አለቀ፣ ጡረታው መጣ። አሁን ደሞ አንድ ዓይናቸውን የዓይን ግፊት ወስዶታል። ስለ ሁለተኛው ሐኪሙ "እስከ ፋሲካ ካዩበት ጥሩ ነው" ብሏቸዋል። የጠፋው አይመለስም አሉ፣ መድኃኒቱም ማዘግየት ብቻ ነው።

እቅዱ ይሄ ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ከወረታ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ዓባይ በረሃ፣ አዲስ አበባ፣ ከዛ ሐይቆቹን አንድ በአንድ እያዳረስን እስከ አርባ ምንጭ። ደብተራቸው ላይ የሚታደርበት ከተማ፣ ቤንዚን የሚቀዳበት፣ ሞተሩ እስኪበርድ የሚታረፍበት ዛፍ ሳይቀር በእስክሪብቶ ተጽፏል። መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው ብቻ በእርሳስ ነው፤ በላጲስ ለማጥፋት እንዲመች።

"አውቶቡስ አይሻልም ጋሼ?" ብያቸው ነበር።

"አውቶቡስ ሐይቅ ሲያይ ይቆማል? መስኮቱ ጋ የተቀመጠውስ መጋረጃ ይከፍትልኛል?"

ያጠራቀሟት ብር ሁሉ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ገባች። ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው። በሰሜን የጣራ ገዳምን ዳገት፣ ተመልሰን በደቡብ የአንበሳሜን ዳገት ከወጣች ሰኞ እንነሳለን።

"ቦሎ ለጥፈሃል?"

"ለጥፌያለሁ።"

"የጎማ ማንሻ ጃክስ?"

"ድንጋይ ሞልቷል ጋሼ።"

"ሳስተምርህም እንዲህ ነበርክ።"

"ስላቋረጥኩ ነዋ እንዲህ የቀረሁት።"

ስቀው ገቡ። ገቡ ስል ወረዱ ማለቴ ነው፤ ይቺ መኪና ውስጥ የሚገባው ጉድጓድ እንደሚወረደው እግርን አስቀድሞ ነው።

2 ሰዓት። ርብ ወንዝን ተሻግሮ

ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ገዛን። ማደያው ፊት ለፊት ነው የሚሸጠው፣ ማደያው "የለም" የሚል ካርቶን ሰቅሎ እያየን። ፀሐይ ከፍ ስትል የፎገራ ሜዳ ሁለቱም ወገን ቢጫ ነው፣ የታጨደ ሩዝ በየማሳው ክምር ክምር ብሏል። ከብቶቹ ቃርሚያ ውስጥ ሆነው ቀና ብለው አዩን። ከሰው ይልቅ እነሱ ነበሩ ያልሳቁብን።

ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጥበቃው ወገቡን ይዞ በዙሪያችን ዞረ።

"ምንድነው ይሄ?"

"መኪና።"

"ግማሹስ?"

"ይሄው ነው።"

"ኮፈኑን ክፈት።"

ከፈትኩ። ውስጡ የጋሽ ዘውዱ ደብተርና አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው ደነገጠ።

"ሞተር የለውም!"

"ሞተሩ ኋላ ነው።"

"ለምን?"

"ጣሊያኖቹን ጠይቅልኝ።"

ጋሽ ዘውዱ ጎኔን ጎሸሙኝ። በእሳቸው ሽበት ይመስለኛል ገመዱ የላላልን።

3 ሰዓት ተኩል። ጣራ ገዳም ዳገት

ወጣችው! በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች፣ አንድ አይሱዙ ከኋላ ጡሩምባውን እየነፋብን፣ ጫፍ ደረሰች። አቁመን ወደ ደቡብ ዞርን። ሜዳው ከታች ተዘርግቷል፣ ከሜዳው ማዶ ጣና እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል።

"ምን ይታይሃል?" አሉኝ።

"ጣና ነዋ።"

"እኔ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቢሆንም ውሃ መሆኑ ይታወቃል፤ ውሃ ሲያበራ ከሌላው ይለያል።"

አዲስ ዘመን ወርደን ቁርስ በላን። እንቁላል ፍርፍር ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ። አስተናጋጇ ወደ መኪናዋ እያየች "የልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች። ጋሽ ዘውዱ "አዎ፣ የኔ" አሏት፤ ከዛን ቀን በፊት እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ደብተሩን አወጡና "ሰኞ" የሚለውን በእርሳስ ጽፈውት ኖሮ በእስክሪብቶ ደገሙበት።

6 ሰዓት። ቁሐር ሚካኤል

ወረታን አልፈን ወደ አንበሳሜ አቅጣጫ እየበረርን ነው። ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ አስፋልቱ ግማሽ ጎኑ ወርቅ ሆነ።

"ያ ቢጫ ምንድነው?" አሉ ጋሽ ዘውዱ።

"ሩዝ ነው። ከነገለባው ዘርግተውታል።"

የዚህ አገር ሰው ህዳር ላይ የሚያደርገው ነው። እህሉን አስፋልት ላይ ይዘረጋል፣ የመኪና ጎማ ይወቃለታል። አይሱዙ ሲመጣ ያጨበጭባሉ፣ አውቶቡስ ሲመጣ እልል ይላሉ። እኛ ስንመጣ ደሞ ሴቶቹ መንሻቸውን እያውለበለቡ ጮኹ፦

"እለፉበት! እለፉበት የኔ ጌታ!"

አለፍኩበት። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

"ድገመው! ይቺ እኮ ከበሬ ትሻላለች!"

"በሬ እበት ይጥልበታል፣ ይቺ ምንም አትጥል!"

ጋሽ ዘውዱ "ይበቃል፣ እንሂድ" አሉ። እኔ ግን ወረታ ውስጥ "የሬሳ ሐኪም" ሲሉኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጭብጨባ አግኝቼ አላውቅም። ዞሬ ደገምኩ። ሦስተኛ ደገምኩ። ባጃጅ ስንት ጊዜ አልፎበታል፣ ምን ይሆናል አልኩ። ባጃጅ ግን ሆዱ ከፍ ያለ ነው። የኔዋ አንድ ስንዝር በማይሞላው ክፍተቷ ገለባውን ስትሰበስብ፣ ስትሰበስብ፣ የጋለ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ላይ ስትጠቀጥቀው ቆየች። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ጭሱን ያዩት እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

"ኋላህ! ኋላህ እየነደደ ነው!"

ጋሽ ዘውዱን በብብታቸው ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። ሰዉ ቦይ ውስጥ ካለው ውሃ በጀሪካን እየቀዳ መሮጥ ጀመረ።

"ውሃ አይሆንም! አፈር! አፈር አድርጉበት!" እያልኩ እጮሃለሁ። ማን ይስማኝ! የነደደ ነገር ላይ ውሃ ነው የሚደፋው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቋ! አለ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰነጠቀ።

እሳቱ ጠፋ። የሞተሩ ሽቦ ግን ነዶ አልቋል፣ ሰኞም አብሮ ጠፋ። እንዲህ ያለ ቴስታታ ወረታም አዲስ አበባም የለም፤ ባህር ማዶ ያለ ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ ምናልባት።

7 ሰዓት። አስፋልቱ ዳር

ንዴቴን የት ላድርገው? የሩዙ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ግማሽ እህላቸው ጠቁሮ መንሻቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸው ላይ ወረድኩባቸው።

"ምን ዓይነት ሰው ነው አስፋልት ላይ ሩዝ የሚያሰጣ? ይሄ እኮ መንገድ ነው!"

"መንገድ አልክ?" አሉ ቀስ ብለው። "ና። ና እስቲ እኔም መንገዴን ላሳይህ።"

ከአስፋልቱ ወደ ማሳው የሚገባው ጥርጊያ ላይ ይዘውኝ ሄዱ። መቶ እርምጃ ሳንሄድ መንገዱ በጉድጓድ ተቆርጧል። ቆሻሻ ውሃ ሞልቶታል። ዳሩ ላይ ከዓመት በላይ የተኙ የሲሚንቶ ቱቦዎች፣ አንዱ ውስጥ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች። ከጎኑ የብረት ሰሌዳ፦ "የውሃ ማሳለፊያ ግንባታ። በቅርቡ ይጠናቀቃል።"

"መውቂያ ማሽኑ እዚህ ድረስ መጥቶ ይመለሳል" አሉ ወይዘሮ ጥሩ። "አይሱዙም አይገባ። አውድማችን ከማዶ ነው፣ ጭቃው አልደረቀም፣ ሩዙ ክምር ላይ እያለ ያቆጠቁጣል። በጀርባችን ተሸክመን አስፋልት ላይ ባንዘረጋው የት እንዘርጋው፣ አልጋ ላይ?"

ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን ደግሜ አነበብኩት።

የሚካኤሉ ቄስ መምሬ አያሌው ጭሱን አይተው መጥተው ነበር፣ ከኋላችን ደረሱ።

"ሲቆፈር ትልልቅ ሰዎች መጥተው ነበር" አሉ። "ቀይ ሪባን ዘርግተው በመቀስ ቆረጡ፣ ፎቶ ተነሱ። እኔም ባርኬያለሁ፣ ውሸት አልናገርም።"

"ምኑን ነው የባረኩት አባ?"

"ጉድጓዱን ነዋ። ሌላ ምን ነበረ?"

ወይዘሮ ጥሩ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዛ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሽማግሌውን ግን የት ልትወስዳቸው ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ሐይቆቹም፣ ስለ ዓይናቸውም። ለተቃጠለው ሩዛቸው ምን እንደምከፍል ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አወናጨፉብኝ። "ዝም በል! የኔ ሩዝ ከርሞም ይበቅላል።"

11 ሰዓት። ወደ ወረታ

የሚጎትተን መኪና ጠበቅን። የቆመው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ሄደ። በመጨረሻ መምሬ አያሌው የገዛ በሬዎቻቸውን፣ ቦራንና ጠቋርን ጠምደው መጡ። አውድማው ጭቃ ስለሆነ ሥራ ፈት ናቸው አሉ። ሰንሰለት ከመኪናዋ ጋር አሰርን። ጋሽ ዘውዱ እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ደብተሩ ጭናቸው ላይ። ተነሱና በመሪው በኩል ገቡ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ሞቷል።"

"መሪው አልሞተም። በዚህ ፍጥነት ዕውርም ይነዳል።"

ስንትና ስንት የፈረስ ጉልበት አላት የተባለች መኪና በሁለት በሬ ጉልበት ጉዞ ጀመረች። መምሬ ከፊት ጅራፍ ይዘው፣ እኔ በመስኮቷ በኩል በእግሬ። በመንገድ ያለው ሁሉ ቆሞ አየን። የሳቀ የለም፤ ቢስቁብን ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይዋ በግራችን ስትወርድ ከክረምት የተረፈው ውሃ ማሳው ውስጥ አበራ።

"ያ የሚያበራው ምንድነው?"

"የተኛ ውሃ ነው ጋሼ። ገና አልደረቀም።"

"ዝዋይ ነው በለኝ።"

"...ዝዋይ ነው።"

"ቀጥሎስ?"

ሌላ ኩሬ ነበር፣ ሁለት ዳክዬ ያለበት። "ላንጋኖ።"

"ቀጥሎ?"

እያንዳንዱ ኩሬ ጋ አንድ ስም ሰጠሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳዛባው የኖርኩትን ቅደም ተከተል አንዴም ሳልስት ወረታ መግቢያ ላይ ጫሞ ደረስኩ። ጋሽ ዘውዱ መሪውን እንደያዙ "አሁን አለፍክ" አሉኝ።

እንግዲህ እኔ ጥፋቴን ጽፌያለሁ። ጭብጨባ ወድጄ ነው የደገምኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። አሁን ተራው የናንተ ነው፣ ሪባን ቆርጣችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ለሄዳችሁት። ሰሌዳችሁ ላይ "በቅርቡ" ይላል፣ የጋሽ ዘውዱ ዓይን ደሞ እስከ ፋሲካ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ የናንተ "በቅርቡ" ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?